አዲስ የተጫነ ሊኑክስ ሎግ አልጽፍ ሲል፦ ፈቃዱን ከላይ ወደ ታች ማስተካከል

ድሬዳዋ ላይ ኮምፒውተር ድንገት ድርግም ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው፤ መብራትና ሙቀት። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን ባለ ቢሮ ውስጥ ፋኑ አቧራ የጠጣ ማሽን ሲጠፋ የቱ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ሎጉ፣ ማለትም ማሽኑ የሚገጥመውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ፣ ግን ይለየዋል። ሊኑክስ ሙቀት በልጦበት ራሱን ሲዘጋ «ክሪቲካል ቴምፕሬቸር ሪችድ» የሚል መስመር ጽፎ ነው የሚዘጋው። መብራት የሄደበት ማሽን ሎግ ደግሞ የመዝጊያ መስመር ሳይኖረው መሀል ላይ ቁርጥ ይላል።

ችግሩ ሎጉ ራሱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከታይዋን ገበያ ተገዝቶ፣ ዊንዶውሱ ወጥቶ ሊኑክስ የገባበት ማሽን ላይ ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስላል፤ ስክሪኑ ይከፈታል፣ ዋይፋዩ ይያዛል፣ ፕሪንተሩ ያትማል። ስህተት መጥቶ ሎግ ሲፈለግ ግን የተጻፈ ነገር የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለ ማሽን ከዚያ በኋላ የሚገጥመው ብልሽት ሁሉ በግምት ነው የሚጠገነው። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሳይሆን የፎልደር ፈቃድ ነው፤ ለማስተካከል ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍናቸው በንባባቸው ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚገባበት መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል፣ በትናንሹ ይገባሉ። «ሲኤችሞድ» ሲባል ሲ እና ኤች፣ ከዚያ ሞድ፤ «ሲስተምሲቲኤል» ሲባል ሲስተም ካለ በኋላ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ነው። ሰረዝ፣ ስላሽ፣ ነጥብና ቁጥር እንዳሉ ይገባሉ። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ለይተን እንናገራለን።

777 አይንኩ

ፈቃድ ነው ችግሩ ሲባል የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ሲኤችሞድ -አር 777 /ቫር/ሎግ። ይህ ሎጎቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር ከነውስጡ ለማንም ሰው ክፍት ያደርገዋል። እባክዎ አያድርጉት። ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ማለት ፋይል የመጨመር ብቻ ሳይሆን የመሰረዝና በሌላ የመተካትም ፈቃድ ነው። ስለዚህ 777 የሆነ /ቫር/ሎግ ውስጥ ማንኛውም ተጠቃሚ፣ በዌብሳይት በኩል ሾልኮ የገባ ሰውም ጭምር፣ የራሱን ዱካ የያዘውን ፋይል ማጥፋት ይችላል። ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሎግ የሚያሽከረክረው፣ ማለትም የቆየውን እየቆረጠ በአዲስ የሚተካው ፕሮግራም፣ ሎግሮቴት፣ ማንም ሊጽፍበት የሚችል ፎልደር ሲያይ «ፓረንት ዳይረክተሪ ሃዝ ኢንሴኪዩር ፐርሚሽንስ» ብሎ ዘሎት ይሄዳል። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ይህ ሲሆን ሎጉ ሳይቆረጥ እያደገ ይሄድና በወራት ውስጥ ዲስኩ ሊሞላ ይችላል። ኡቡንቱ በ/ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ኮንፍ ውስጥ «ኤስዩ ሩት ኤዲኤም» የሚል መስመር ስላለው ማሽከርከሩን አያቆምም፤ የመጀመሪያው ጉዳት ግን እዚያም አለ።

ትክክለኛው ምን ይመስላል

መልሱ ለሁሉም ሊኑክስ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኡቡንቱ ላይ አርሲስሎግ (ሎጉን ፋይል ላይ የሚጽፈው ፕሮግራም) በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ይነሳና ወዲያው ሥልጣኑን ጥሎ «ሲስሎግ» የሚባል ተራ ተጠቃሚ ይሆናል። ተራ ተጠቃሚ ስለሆነ /ቫር/ሎግ በግሩፕ በኩል ሊከፈትለት ይገባል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሩት፣ ግሩፑ ሲስሎግ፣ ቁጥሩ 775 ነው። ዴቢያን ላይ አርሲስሎግ ሩት ሆኖ ይቆያል፤ ሩት ሩት 755 ይበቃል። ፌዶራም ሩት ሩት 755 ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ከዴቢያን 12 ጀምሮ አርሲስሎግ አብሮ አይጫንም፤ ፌዶራም ከ20ኛው እትም ወዲህ እንደዚያው ነው። እነዚህ ላይ /ቫር/ሎግ/ሲስሎግ አለመኖሩ ብልሽት አይደለም፤ ሎጉ ያለው ጆርናል ውስጥ፣ ማለትም ጆርናልዲ የሚባለው ፕሮግራም በሚይዘው መዝገብ ውስጥ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ ለማያውቅ፦ 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ፣ 1 ማለፍ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለግሩፑ፣ ሦስተኛው ለሌላው ሁሉ። ፎልደር ላይ 1 ማለት በውስጡ አልፎ ወደ ሚቀጥለው መግባት ማለት ነው። ይቺን ማለፍ ያዟት፤ ከታች ትመለሳለች።

መጀመሪያ የትኛው እንደተዘጋ ይለዩ

አንድ የሙከራ መልእክት ይላኩ፤ «ሱዶ» ትእዛዙን በሩት ሥልጣን የሚያስኬድ ነው፦

ሎገር ሙከራ1
ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ኤን 20
ሱዶ ቴይል /ቫር/ሎግ/ሲስሎግ

መልእክቱ ጆርናሉ ውስጥ ታይቶ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ፣ የተዘጋው አርሲስሎግ ነው። ሁለቱም ጋ ከሌለ ችግሩ ከዚያ በላይ፣ ጆርናልዲ ጋ ነው። አርሲስሎግ ከሆነ ራሱን ይጠይቁት፦

ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ዩ አርሲስሎግ -ቢ

የፋይሉ ስም ያለበት፣ «ኦፕን ኤረር» የሚልና የስህተት ቁጥር 2433 የያዘ መስመር ይፈልጉ። ከሥሩ 2007 የሚል ቁጥር ያለው «ሰስፔንድድ» የሚል መስመርም ይኖራል፤ እሱ ውጤቱ እንጂ መንስኤው አይደለም። መንስኤው የ2433 መስመር መጨረሻ ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ይሆናል። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ነው። «ኖ ስፔስ ሌፍት» ካለ ዲስኩ ሞልቷል፤ ዲኤፍ -ኤች እና ዲኤፍ -አይ ያስገቡና ቦታው ነው ወይስ የፋይል ቁጥሩ የሞላው የሚለውን ይዩ።

«ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም» ካለ ግን ፈቃድ አይነካኩ። ብዙውን ጊዜ መብራት ሲሄድ የተጎዳ ዲስክ ነው። ኡቡንቱ ዋናውን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሲያዘጋጅ «ስህተት ካገኘህ ለንባብ ብቻ ክፈተው» የሚል ትእዛዝ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ ውስጥ ያስገባል። ፋይሉ የተቆለፈው ለጥበቃ ነው፤ ሲኤችሞድ አይከፍተውም። በሊኑክስ ፍላሽ አስነስተው ፓርቲሽኑ ሳይከፈት በኤፍኤስሲኬ -ኤፍ ይመርምሩት።

መንገዱን ከላይ ጀምረው ይዩ

ሰው ሁሉ /ቫር/ሎግን ብቻ አይቶ «ትክክል ነው» ብሎ ያልፋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ ቤት በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት፣ የግንቡ በር ግን ቢዘጋ እንግዳው አይደርስም። ፋይልም እንዲሁ ነው። አርሲስሎግ /ቫር/ሎግ/ሲስሎግ ጋ ለመድረስ በ/ (የፎልደሮች ሁሉ መነሻ)፣ ከዚያ በ/ቫር፣ ከዚያ በ/ቫር/ሎግ ማለፍ አለበት። ከነዚህ አንዱ ላይ ያቺ 1 ከሌለች፣ የመጨረሻው ፎልደር 777 ቢሆን እንኳ ዋጋ የለውም።

ሁሉንም በአንዴ የሚያሳየው ትእዛዝ ይህ ነው፤ ኤ እና ኤን ትንሽ፣ ዩ እና ጂ ትልቅ ፊደል ናቸው፦

ስታት -ሲ '%ኤ %ዩ %ጂ %ኤን' / /ቫር /ቫር/ሎግ

ጤነኛ ኡቡንቱ የሚመልሰው፦

755 ሩት ሩት /
755 ሩት ሩት /ቫር
775 ሩት ሲስሎግ /ቫር/ሎግ

ኔምአይ -ኤል /ቫር/ሎግ/ሲስሎግ ቢያስገቡም ያንኑ መንገድ በፊደል ያሳይዎታል። ከዚያ በጸሐፊው ስም ገብተው ይፈትኑ፦

ሱዶ -ዩ ሲስሎግ ተች /ቫር/ሎግ/ፈተና

ዝም ካለ ተሳክቷል፤ ፈተና የሚለውን ፋይል ያጥፉት። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ከላይ ካሉት ሦስት መስመሮች አንዱ ተዛብቷል። ጥገናው ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው።

የመጀመሪያው መስመር ከተዛባ

የ/ ባለቤት ሩት ሳይሆን የእርስዎ ስም ወይም «አንኖውን» ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ 700 ከሆነ፣ አንድ የታመቀ ፋይል በሩት ሥልጣን / ላይ ተፈትቷል ማለት ነው። የፕሪንተር ድራይቨር፣ የባክአፕ ታር፣ ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ታር ፋይል ውስጥ «./» የሚል መስመር ካለ፣ ሩት ሆኖ የፈታው ሰው የዚያን መስመር ባለቤትና ቁጥር ቀጥታ / ላይ ይለጥፈዋል። አርሲንክ -ኤ ደግሞ ምንጩን በስላሽ ጨርሰው ወደ / ሲገለብጡ የሚያደርገው ያንኑ ነው። የጋራ ማሽን ላይ በዚህ የተነሳ ሰዓታት ይጠፋሉ፤ ምክንያቱም / ን ለማየት ማንም አያስብም።

ምልክቱ ቡት ሲደረግ ሲስተምዲ-ቲኤምፒፋይልስ (ማሽኑን የሚያስነሳው የሲስተምዲ ፎልደር አስተካካይ) የሚጽፈው «አንሴፍ ፓዝ ትራንዚሽን» የሚል መስመር ነው። ሲስተምዲ ከተራ ተጠቃሚ ፎልደር ወደ ሩት ፎልደር አልፎ መሄድን አይቀበልም፤ እምቢ ስለሚል ሥሩ ያሉትን የሎግ ፎልደሮች ሳያስተካክል ይተዋቸዋል። ትክክል ነው እምቢ ማለቱ፤ የ/ ባለቤት የሆነ ተጠቃሚ /ቫርን ሙሉ በሙሉ በሌላ ሊተካው ይችላልና።

ሱዶ ሲኤችኦውን ሩት:ሩት /
ሱዶ ሲኤችሞድ 755 /

እዚህ ጋ -አር የሚባል ነገር አይግባ። ትልቋ አር ከገባች ትእዛዙ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ ሱዶ ራሱ ያኔ ይሞታል። ኢንተር ከመጫንዎ በፊት መስመሩን እንደገና ያንብቡት። /ቫርም በዚሁ መንገድ ይስተካከላል።

ሦስተኛው መስመር ከተዛባ

ኡቡንቱ ላይ /ቫር/ሎግ 755 ሩት ሩት ሆኖ ከተገኘ፣ ለ/ቫር ወይም ለ/ቫር/ሎግ የተለየ ፓርቲሽን ተሠርቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። አዲስ ፎርማት የተደረገ ኤክስት4 የራሱን 755 ሩት ሩት ይዞ ይመጣል፤ ማውንት ሲደረግ ደግሞ ከሥሩ የነበረውን ፎልደር ከነፈቃዱ ይሸፍነዋል። ፎልደሩ ውስጥ «ሎስት+ፋውንድ» ካዩ ጥርጣሬው ልክ ነው።

ሱዶ ሲኤችኦውን ሩት:ሲስሎግ /ቫር/ሎግ
ሱዶ ሲኤችሞድ 775 /ቫር/ሎግ
ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት አርሲስሎግ

የድሮውን ሎግ ወደ አዲሱ ፓርቲሽን የሚያዛውሩ ከሆነ ሲፒ -ኤ ይጠቀሙ፤ ሲፒ -አር ባለቤቱን ጥሎ ሁሉንም ሩት ያደርገዋል።

አስተካክለው ሪስታርት ሲያደርጉ ተመልሶ 755 ከሆነ የሚያበላሸው ራሱ ሲስተምዲ ነው። ሲስተምዲ ቡት ሲደረግ /ዩኤስአር/ሊብ/ቲኤምፒፋይልስ.ዲ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በስም ቅደም ተከተል ያነባል፤ ስለ አንድ ፎልደር ሁለት ፋይል ቢናገር መጀመሪያ የተነበበው ይጸናል። የራሱ ቫር.ኮንፍ 755 ይላል፤ የአርሲስሎግ 00አርሲስሎግ.ኮንፍ ደግሞ 775 ሩት ሲስሎግ ይላል። በ00 የጀመረው ቀድሞ እንዲነበብ ነው። ያ ፋይል ከጠፋ ወይም /ኢቲሲ/ቲኤምፒፋይልስ.ዲ ውስጥ በተመሳሳይ ስም ሌላ ፋይል ከተጻፈበት 755 ያሸንፋል። ፋይሉን ወደ ቦታው ይመልሱት።

በ-አር የተመታ ፎልደር

አንድ ሰው ቀደም ብሎ 777 በ-አር ሰጥቶ ከሆነ የላይኛው ፎልደር ብቻ አይበቃም። ፕሮግራሞቹን በአፕት ሪኢንስቶል ማድረግም አይረዳም፤ አፕት የሚጭንበት ዲፒኬጂ ቀድሞ ያለ ፎልደርን ፈቃድ አይቀይርም። / እና /ቫር ጤነኛ መሆናቸውን አረጋግጠው ይህን ያስገቡ፦

ሱዶ ሲስተምዲ-ቲኤምፒፋይልስ --ክሪኤት

ይህ አንድ ትእዛዝ ኡቡንቱ ላይ /ቫር/ሎግን፣ ጆርናሉን፣ ሲስሎግ፣ አውዝ.ሎግና ከርን.ሎግን፣ የመግቢያ መዝገቦቹን ደብልዩቲኤምፒና ቢቲኤምፒን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። የቀረውን በእጅ ነው። ሲስሎግና አውዝ.ሎግ ሲያዩ ሲስሎግ ኤዲኤም 640 መሆን አለባቸው፤ ቢቲኤምፒ ሩት ዩቲኤምፒ 660፤ ፕራይቬት የሚባለው ፎልደር ሩት ሩት 700፤ አፕት ሩት ሩት 755፤ አፓቼ2 ሩት ኤዲኤም 750። ቢቲኤምፒ ላይ አይዘናጉ፤ ያልተሳኩ የመግባት ሙከራዎችን ይዟል፣ ሰው ቸኩሎ በስሙ ቦታ የጻፈው የይለፍ ቃልም እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ለተጠራጠረ ሁነኛው ማነጻጸሪያ የተጫነበት ፍላሽ ነው። በፍላሹ ያስነሱና የስታትን ትእዛዝ በ/ቫር/ሎግ/* ላይ ያስኪዱ፤ ያልተነካ ዝርዝር ያገኛሉ። ፌዶራ ላይ ከሆነ አርፒኤም --ሴትዩጂአይዲኤስ -ኤ፣ ቀጥሎ አርፒኤም --ሴትፐርምስ -ኤ ያስገቡ፤ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ።

የተመታው /ቫር/ሎግ ብቻ ሳይሆን መላው /ቫር ከሆነ ግን፣ ማሽኑም አዲስ ከሆነ፣ /ሆምን ገልብጠው እንደገና ይጫኑ። ዳታቤዙ፣ ክሮኑ፣ የፕሪንተር ወረፋው ሁሉ የየራሱ ባለቤት አለው፤ አንድ በአንድ መልቀም ከመጫኑ ይረዝማል።

ማሽኑ ሲጠፋ ጆርናሉ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ

ፈቃዱ ሁሉ ልክ ሆኖ ሎጉ ሪስታርት ሲደረግ ብቻ የሚጠፋበት አለ። ጆርናልዲ /ቫር/ሎግ/ጆርናል የሚባል ፎልደር ካገኘ ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ካላገኘ /ረን/ሎግ/ጆርናል ውስጥ፣ ማለትም ሚሞሪ ላይ ይጽፋል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጆርናልሲቲኤል --ሊስት-ቡትስ ያስገቡ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ተነስቶ ሳለ አንድ መስመር ብቻ ካሳየ ሚሞሪ ላይ ነው እየጻፈ ያለው።

ሱዶ ኤምኬዲአይአር -ፒ /ቫር/ሎግ/ጆርናል
ሱዶ ሲስተምዲ-ቲኤምፒፋይልስ --ክሪኤት --ፕሪፊክስ /ቫር/ሎግ/ጆርናል
ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ፍለሽ

መካከለኛውን መስመር አይዝለሉ። ፎልደሩ ሩት ሲስተምዲ-ጆርናል 2755 መሆን አለበት፤ ፊት ያለችው 2 ውስጡ የሚፈጠረው ሁሉ ግሩፑን እንዲወርስ የምታደርግ ናት። እሷ ከሌለች ተራ ተጠቃሚ በኤዲኤም ወይም በሲስተምዲ-ጆርናል ግሩፕ ውስጥ ቢሆንም ሎጉን ላያነብ ይችላል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ነገር እንጨምር። ጆርናልዲ ተራ መልእክቶችን ወደ ዲስክ የሚያጸናው በየ5 ደቂቃው ነው፤ ወዲያው የሚያጸናው እንደ ሙቀት መዘጋት ያለውን ከባድ መልእክት ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሊጎድሉ ይችላሉ። /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍን ከፍተው «ሲንክ-ኢንተርቫል-ሴክ» የሚለውን ያለ ሰረዝ፣ የሦስቱን ቃላት መነሻ በትልቅ ፊደል ጽፈው፣ ዋጋውን 30ኤስ ያድርጉት። ዲስኩ ትንሽ ከሆነ እዚያው «ሲስተም-ማክስ-ዩዝ» የሚለውን በተመሳሳይ አጻጻፍ 200ኤም ይበሉት፤ ኤሟ ትልቅ ናት። ካልተነገረው ጆርናሉ የፋይል ሲስተሙን 10 በመቶ፣ ቢበዛ 4 ጊጋባይት ይወስዳል። ፋይሉን ከቀየሩ በኋላ ሲስተምዲ-ጆርናልዲን ሪስታርት ያድርጉ።

ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ አሁንም ከከለከለ

ፌዶራ ላይ ኤስኢሊኑክስ አለ፤ ከፎልደሩ ቁጥር በላይ የራሱን ምልክት ያያል። ከ/ሆም በኤምቪ የመጣ ፋይል የ/ሆምን ምልክት ይዞ ይመጣል። ሱዶ ሪስቶርኮን -አርቪ /ቫር/ሎግ ያስተካክለዋል፤ አሯ ትልቅ ናት። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ደግሞ አፕአርሞር የሚባል ጠባቂ አርሲስሎግ የት መጻፍ እንደሚችል ይገድባል። ሎጉን ወደ ሌላ ፎልደር፣ ለምሳሌ /ዳታ፣ አዛውረው ከሆነ ፈቃዱ ልክ ቢሆንም ይከለክላል፤ ሱዶ ዲሜሴጅ ሲያስገቡ «ዲናይድ» የሚል መስመር ያያሉ። ዲሜሴጅ የሚገባው ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ተብሎ ነው።

ሲጨርሱ

ሎገር ሙከራ2 ብለው ይላኩና ፋይሉ ውስጥ መድረሱን ይዩ። ከዚያ ማሽኑን ሪስታርት አድርገው የስታትን ሦስት መስመሮች እንደገና ያውጡ፤ ከሪስታርት በኋላ ያልተፈተነ ጥገና አልተጠናቀቀም። ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1 ካስገቡ የቀደመው ቡት መታየት አለበት፤ ማሽኑ ድንገት ሲጠፋ መብራት ወይስ ሙቀት የሚለውን የሚያነቡት ከዚሁ መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንድ ማሽን ግን ሙቀቱ ሲበዛ ከሊኑክስ ቀድሞ ሃርድዌሩ ራሱ ይቆርጣል፤ ሎጉ እንደ መብራት መሄድ መሀል ላይ ቆሞ፣ ሰፈሩ ግን መብራት ከነበረው፣ ፋኑን ፈትተው አቧራውን ያውጡ።

ሁሉም ልክ በሆነበት በዚያው ቀን የፈቃዱን ቅጂ ይውሰዱ። ፕሮግራሙ ከሌለ ኤሲኤል የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑ፦

ሱዶ ጌትኤፍኤሲኤል -አርፒ /ቫር/ሎግ > ፈቃድ.ቲኤክስቲ

አሯ ትልቅ፣ ፒዋ ትንሽ ናት፤ ፒዋ ከሌለች ትእዛዙ የመነሻውን ስላሽ ይቆርጠዋል። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ነገ አንድ ሰው 777 ቢሰጠው ይህ ይመልሰዋል፦

ሱዶ ሴትኤፍኤሲኤል --ሪስቶር=ፈቃድ.ቲኤክስቲ